ሦስት ጊዜ የምትጠየቅ ልጅ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ውስጥ ባለ አንድ የሸክላ ጡብ ቤት፣ አምስት ስድስት የኢራን ሴቶች እየተሰበሰቡ በቋንቋቸው አጫጭር ታሪኮች ያነቡ ነበር። ሰርካዲስ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ፋርስኛ አታውቅም። ነገር ግን አንባቢዋ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ በታሪኩ ውስጥ ሰው መሞቱን፣ ሁሉም በአንድ ላይ አንገታቸውን ሲነቀንቁ አንዲት ሴት መበደሏን ትረዳለች። ሻዩን በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ትቀዳላቸዋለች። እነሱም ስኳሩን በጥርሳቸው ነክሰው ይዘው ሻዩን በላዩ ያሳልፉበታል። ሰርካዲስ ይህን አጠጣጥ ለመልመድ ሞክራ ስኳሩ ከመጀመሪያው ፉት ጋር ስለሚሟሟባት ትታዋለች።

የቤቱ እመቤት ቱራን ኻኑም ይባላሉ። ኻኑም በእነሱ አገር እንደ እኛ ወይዘሮ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሺራዝ በሚባል ከተማ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ባላቸው ሲሞቱ ሐኪም ልጃቸው ወደ ዳላስ አመጣቸው። ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ማንበብ ስለተሳናቸው ሌሎቹ ሴቶች ያነቡላቸዋል። የሚያለብሳቸው፣ እግራቸውን የሚያሻቸው፣ መድኃኒታቸውን የሚሰጣቸው ሰው ሲፈለግ ደግሞ ሰርካዲስ ተገኘች።

ሰርካዲስ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ባሏ ወልደ ሥላሴ የጤና ረዳት ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን ሕፃን ልጃቸውን ሩሐማን አዝለው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። ገዳሪፍ ላይ ወልደ ሥላሴን ወባ ወሰደው። እናትና ልጅ ብቻቸውን ዳላስ ገቡ። ሰርካዲስ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠበች፣ የሕፃናት ማቆያ አጸዳች፣ በኋላም በአንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ አማካይነት ቱራን ኻኑም ዘንድ ገባች። ዐይነ አፋር ስለሆነች ከሰው ጋር ቶሎ አትላመድም። ከእኚህ አሮጊት ጋር ግን ተላመደች፤ ምናልባት ሁለቱም እንግሊዝኛውን እኩል ስለሚሰባብሩት ይሆናል። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱን አይለይም። ሰርካዲስ ግን በሆዷ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትላቸው።

ሴቶቹ ተሳስመው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ቱራን ኻኑም፣ «ነይ ሰርካ ጃን፣ ዛሬ የተነበበውን ልንገርሽ» ይሏታል፤ ጃን እንደ እኛ ውዴ ነው። እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበች ትሰማለች።

አንድ ቀን ስለ አንድ ልጅ ነገሯት። ልጁ ከውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ለእናቱ ፍሪጅ ገዛላት። እናቲቱ ግን ውሃ ከእንስራ ካልሆነ አይጥመኝም ብላ እንስራዋን እንዳለች ፍሪጁ ውስጥ አስገባቻት። ሰርካዲስ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

ሌላ ቀን ደግሞ የአባቱ ሙሾ እንዳይጠፋበት ብሎ ለቅሶ ቤት ቴፕ ይዞ ስለመጣ ሰው ነገሯት። አልቃሾቹ ቴፑን ሲያዩ ድምፃቸውን አሳምረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ተራ ይዘው አለቀሱ፤ በዚያ ቀን ከአንዲትም ሴት ዓይን እንባ አልወረደም።

«ታዲያ ጸሐፊው ማንን ነው የሚወቅሰው?» አለች ሰርካዲስ።

«ማንንም።»

«እንዴት ማንንም?»

«አሮጌውንና አዲሱን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋባቸዋል። ከዚያ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል። ይኸው ነው ሥራው።»

ሰርካዲስ ይህ ሥራ መሆኑ አልታያትም። ቢሆንም ታሪኩ ጋርላንድ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በአውቶቡሱ መስኮት ይከተላታል።

ያ የብርድ ሰሞን የሩሐማ ነገር የመጣበት ነው። ሩሐማ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ ሃያ አምስት ዓመቷን ይዛለች። እንድሪያስ የሚባል ልጅ ወዳለች። እንድሪያስ በልጅነቱ የመጣ፣ ኮምፒውተር የተማረ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ሰርካዲስም ልቧ ወዶታል። ሚኒሶታ ሥራ ስላገኘ በመጋቢት መጀመሪያ እዚያ መግባት አለበት። በዚያው ሰሞን ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ስለዚህ ልጆቹ የካቲት ሳያልቅ ሊጋቡ ቆረጡ።

እንድሪያስ ወጉን አልናቀም። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ አዲስ አበባ ናት። ቢሆንም የሚያውቃቸውን ትልልቅ ሰዎች ለምኖ ሽማግሌ ላከ። አቶ አሻግሬ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባርናባስ ሌዊስቪል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ክፍሉ ሆስፒታል በሽተኛ የሚገፋ ዝምተኛ ሰው ነው። ሦስቱም በጥር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ለምነው፣ ክራቫት አስረው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን የሰርካዲስን አፓርትመንት አንኳኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አቶ አሻግሬ ግድግዳውን ተደግፈው። ቀጥለውም ልጅዎን ለልጃችን ብለው እንደ ወጉ ጠየቁ።

ሰርካዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። «ዘመድ ላማክር። በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለች።

ባርናባስ አላስቻለውም። «እትዬ ሰርካዲስ፣ የምን ዘመድ? ዳላስ ውስጥ ከርስዎና ከሩሐማ ሌላ ማን አለ?»

«አንተ ዝም በል» አሉት አቶ አሻግሬ። ወደ እሷ ዞረው ግን ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እመቤት፣ በሁለት ሳምንት መጥተን ይሁን ቢሉን እንኳ ደግ ነበር። ግን ያን ጊዜም ተመለሱ ሊሉን አይደል? ሦስተኛው ጾም ውስጥ ይገባል እኮ።»

«ሴት ልጅ ሦስቴ ነው የምትጠየቀው» አለች ሰርካዲስ፤ በሹክሹክታ ያህል ነበር የተናገረችው። ሰዎቹ እንደ ቆሙ ወጡ።

ሩሐማ በመኝታ ቤቱ በር ስንጥቅ ስትሰማ ነበር። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ዋት ዋዝ ዛት? ትወጂዋለሽ አይደል? ነግረሽኛል!»

«እወደዋለሁ።»

«ሶ? ምንድን ነው ችግሩ? ማለቴ፣ ሰዎቹ ኦፍ ለመውሰድ ስንቴ ቦሳቸውን እንደለመኑ ታውቂያለሽ? ባርናባስ እኮ ዊኬንድ ነው የሚሠራው!»

አባት ያላት ልጅ ስትጠየቅ አባቷ ይኮራባታል፣ አጎቶቿ ያጉረመርማሉ፣ አማጩ እየሄደ ይመለሳል። ሩሐማ አባት የላትም፣ አጎት የላትም። በመጀመሪያው ጥያቄ እንካችሁ ብትላቸው ልጅቷ ከኋላዋ ሰው እንደሌላት መናገር መሰላት። እናቷ ብቻዋን ሆናም ቢሆን እንደ ሙሉ ቤተ ዘመድ ልታከብዳት ፈለገች። ይህን ሁሉ ግን እንዴት አድርጋ በቃል ታወጣዋለች?

«ወግ ነው» አለች ብቻ።

«ኦኬ» አለች ሩሐማ። ቁጣዋ በርዶ ስለነበር ይበልጥ አስፈራ። «እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልሆነ ኮርት ሄደን እንፈራረማለን። ከዚያ እሄዳለሁ። ያላንቺ ማድረግ አልፈልግም፣ እማዬ። ግን አደርገዋለሁ።»

ልጅቷ የተናገረችውን የምታደርግ መሆኗን ሰርካዲስ ታውቃለች። እሷው ናት ያሳደገቻት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ ሲያነቡ ሰርካዲስ ሻይ መቅዳት ሁለት ጊዜ ረሳች። በመጨረሻ አንዷ መጽሐፉን ስትዘጋ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው አልተንጫጩም፤ አንዷ እንዲያውም መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ዛሬ ምን ነበር?» አለች ሰርካዲስ፣ የቱራን ኻኑምን ካልሲ እያወለቀች።

«ሠርግ። በእኛ አገር፣ ታውቂያለሽ፣ ሙሽራዋ መስተዋት ፊት ትቀመጣለች። በራሷ ላይ ሴቶች ነጭ ጨርቅ ይዘረጋሉ፤ በጨርቁ ላይ ሁለት የስኳር ድንጋይ እርስ በርሱ ይፋቃል፣ ኑሮዋ እንዲጣፍጥ። ሼኹ ይጠይቃታል። አትመልስም። ሴቶቹ፣ ‹ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች› ይሉታል። ሁለተኛ ይጠይቃል። ‹የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች› ይሉታል። በሦስተኛው ነው፣ በአባቴና በእናቴ ፈቃድ፣ አዎ የምትለው።»

የሰርካዲስ እጅ በውሃው ውስጥ ቆመ። «ሦስቴ?»

«ሦስቴ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ቴህራን ባንክ ቤት የምትሠራ ዘመናይ ናት። ሼኹ አንዴ ሲጠይቃት ቀና ብላ፣ ‹አዎ› አለች። ስኳር የምትፍቀው ሴት እጇ ደረቀ። እናቲቱ በሩ ላይ ቆማለች። ሰው ሁሉ ወደ እናቲቱ ዞረ።»

«እሺ?»

«አለቀ።»

«አለቀ ማለት? እናቲቱ ምን አለች?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«ይሄ ታዲያ ምን ታሪክ ይባላል!» አለች ሰርካዲስ። ተቆጥታ ነበር፤ ቱራን ኻኑም እስከዚያ ቀን ስትቆጣ አይተዋት አያውቁም። ከዚያ ሳታስበው የራሷን ጉዳይ ዘከዘከችው፤ ሽማግሌዎቹን፣ ጾሙን፣ ሚኒሶታን፣ ኮርቱን።

አሮጊቷ እስክትጨርስ ጠበቋት። «ንገሪኝ እስኪ፣ በሁለቱ ጥያቄ መካከል ሁለት ሳምንት ይሁን ያለው ማነው?»

«ወግ ነው።»

«እኛ ዘንድ ሦስቱም አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃሉ።»

ሰርካዲስ እግራቸውን በፎጣ አደረቀች፣ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር፣ ቀስ ብላ። ካልሲውን አጠለቀች። አንዱን አዙራ አጥልቃው ስለነበር መልሳ አወለቀችው።

«እሁድ ቤቴ ቢመጡ ደስ ይለኛል» አለች በመጨረሻ። «የሙሽራዋ ወገን ሆነው ይቀመጡልኝ። ሰው የለኝም።»

ሰው የለኝም ማለቷ እውነቱን ለመናገር ልክ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች ነበሯት። ነገር ግን ልታደርግ ያሰበችው ነገር ወጉን በሚያውቅ ሰው ፊት የሚያሳፍር ሆኖ ታያት። ባዕድ ሰው ፊት ይቀላል።

ማታ ለሩሐማ ነገረቻት። «እንድሪያስን ኮል አድርጊው። ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ። ሦስቱም ጉዞ በዚያው ቀን ያልቃል።»

«ማለቴ… እንዴት?»

«ይመጣሉ፣ እመልሳቸዋለሁ። ወርደው ዞር ብለው ይመጣሉ፣ እመልሳቸዋለሁ። ከዚያ ይመጣሉ።»

ሩሐማ ካኮረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እማዬ፣ ዩ አር ክሬዚ» ብላ አንገቷን አቀፈቻት።

ቅዳሜ ዝናቡ እየቀዘቀዘ ወርዶ እሁድ ጠዋት የመኪና ማቆሚያው እንደ መስተዋት ሆነ። ሰርካዲስ ዶሮዋን ሠርታ፣ ጠረጴዛውን አልብሳ ጠበቀች። ሩሐማ መኪናዋን በዝግታ እየነዳች ቱራን ኻኑምን አመጣቻቸው። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የዕንቁ ጉትቻቸውን አድርገው፣ መካከለኛው ሶፋ ላይ ተሰየሙ።

«ምን ላድርግ?» አሉ።

«ዝም ብለው መቀመጥ ነው።»

«እሱን እንኳ አልችልበትም።»

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሙሽራው በወጉ መሠረት አብሯቸው ስለማይገባ እንድሪያስ ታች መኪናው ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ቀረ። አቶ አሻግሬ በሩ ላይ ቆመው፣ ስለ ዝግጅቱ ቀድሞ ቢነገራቸውም ፊታቸው ላይ የፌዝ ምልክት ሳያሳዩ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው አሳምረው ጠየቁ። ሰርካዲስ ይህን ውለታ ልብ አለች።

«ዘመድ ላማክር፤ ተመለሱ» አለች።

በዚህ ጊዜ ቱራን ኻኑም ከሶፋው ላይ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው፣ «ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች!» አሉ።

ሦስቱ ሰዎች ተያዩ።

«አበባ?» አለ ባርናባስ። «በዚህ በረዶ?»

«ዘመድ ናቸው» አለች ሰርካዲስ፣ ፊቷ እየቀላ።

«ዘመድዎ ፈረንጅ ናቸው?»

«ና ውጣ፣ ተመለሱ ተብለናል» ብለው አቶ አሻግሬ በክንዱ ጎተቱት።

ሲወርዱ የብረቱ ደረጃ ሲንጓጓ ይሰማል። ዞሩ፣ ተመለሱ፣ አንኳኩ። የአቶ አሻግሬ ጢም ላይ ጤዛ ነበር። እንደገና ጠየቁ፤ በዚህኛው ግን የልጁን ጠባይ፣ የእናቱን ደግነት ጨመሩበት። ሰርካዲስ፣ «አልቆረጥንም፤ ተመለሱ» አለች። ቱራን ኻኑምም የጽጌረዳ ውሃውን ሳይረሱ ተናገሩ።

«ይህችኛዋ እንኳ ደህና ናት፣ ውሃ የትም አለ» አለ ባርናባስ። ዝምተኛው ክፍሉ ሳይቀር ሳቀ። ከመኝታ ቤቱም ሩሐማ አፏን በትራስ አፍና ስትስቅ ተሰማች።

ሦስተኛው ሲንኳኳ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ወጡ ሞቋል። ሩሐማ ልብሷን አስተካክላ ከበሩ ጀርባ ቆማለች። አቶ አሻግሬ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እመቤት፣ ልጅዎን ለልጃችን» አሉ።

ሰርካዲስ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

በልጅነቷ እሷ ራሷ ስትጠየቅ ያየችው መጣባት። መጀመሪያ ሽማግሌ የመጣ ዕለት ሰዎቹ እንደ ሄዱ እናቷ እየሳቀች ለአባቷ ታማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን እናቷ በየቀኑ አንድ ነገር ስትሠራ ታያት ነበር፤ የልጅነት ቀሚሶቿን ስትለይ፣ ፀጉሯን ሳያስፈልግ ደጋግማ ስትሠራት፣ አብራት ወንዝ ስትወርድ። ሁለተኛው ሲመጣ እናቷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሦስተኛው ሲመጣ አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ሰርካዲስ ጨክናብኛለች ብላ አዝና ነበር። አሁን ነው የገባት። መመላለሱ ለልጅቷ ክብር ብቻ አልነበረም። ለእናቲቱ የተሰጠ ጊዜ ነበር። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ደረጃ ወርዶ ለመውጣት አሳጥራዋለች። ሚኒሶታ ሩቅ ነው። ከመተማ ጀምሮ አብራት ያልነበረችበት አንድም ሌሊት የለም።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ ይጠብቃል።

«አቶ አሻግሬ» አለች፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይዙሩልኝ።»

«ኧረ በእናትዎ!» አለ ባርናባስ። «አራተኛ የሚባል ወግ የት አገር አለ? ጉልበታቸውን አያዩም?»

አቶ አሻግሬ ግን ፊቷን ትክ ብለው አዩ። ሦስት ሴት ልጆች ድረዋል። «እንዞራለን» አሉ። «እንዲያውም በትልቁ እንዞራለን።» ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ሩሐማ ከመኝታ ቤቱ ወጣች። አልተቆጣችም። እናቷ አጠገብ መጥታ ቆመች፤ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለችላት። ሰርካዲስ እጇን ያዘቻት። ጥርስ ሐኪም ቤት በሚያደርጉት ጓንት ብዛት የልጅቷ ቆዳ ደርቋል። ቅባት አትቀባም፣ ብትነገርም አትሰማም።

«እዚያ ብርዱ ከዚህ ይብሳል ይላሉ» አለች ሰርካዲስ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጓንት ግዢ። የሱፍ።»

«እገዛለሁ።»

ሰርካዲስ በረንዳውን ከፍታ ወጣች። ታች፣ ሦስቱ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የመኪና ማቆሚያውን ጫፍ ጫፉን እንደ ሕፃን እየተራመዱ ይዞራሉ። አቶ አሻግሬ መካከል ናቸው። ባርናባስ እያጉረመረመ ግን አጥብቆ ደግፏቸዋል። አንድ ቦታ ላይ ሦስቱም ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ ክፍሉ የቆመ መኪና መስተዋት ይዞ አቆማቸው።

ሰርካዲስ በሕይወቷ ሰው መካከል ጮሃ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን እልል ሲባል እንኳ ድምፅዋ አይሰማም። አሁን ግን በረዶ የያዘውን የበረንዳ ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «አቶ አሻግሬ! ይብቃ! ይመለሱ! ሰጥቻለሁ!» ብላ ጮኸች።

የጎረቤት መስኮቶች ተከፈቱ። አንድ ሜክሲኳዊ አባወራ መኪናው ላይ ያለውን በረዶ መፋቁን ትቶ ቀና አለ።

አቶ አሻግሬ ባሉበት ቆሙ። ሽማግሌ ሲሰጠው እጅ ይነሣል፤ እሳቸውም በባርናባስ ክንድ ተደግፈው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በረዶው መካከል ወደ ሁለተኛው ፎቅ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ክፍሉም ጎንበስ አለ። እንድሪያስ ግን ማሞቂያውንና ሬዲዮውን ከፍቶ ስለተቀመጠ ምንም አልሰማም ነበር። ባርናባስ እየተንሸራተተ ሄዶ መስኮቱን ደበደበለት።

«ውረድ አንተ! ተሰጥቶሃል!»

«ምን አሉ?» አለ ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

«ሰጥቻለሁ አሉ፣ ከላይ። ጋርላንድ በሙሉ ሰምቷል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

እንድሪያስ ከመኪናው ወርዶ ቀና ብሎ አየ። በረንዳው ላይ ሰርካዲስ ነበረች፤ ከኋላዋ ሩሐማ፣ ከሩሐማ ኋላ ደግሞ ካፖርታቸውን የለበሱ አንዲት የማያውቃቸው አሮጊት እያጨበጨቡ። ሰርካዲስ እጇን ወደ ብርዱ ዘርግታ፣ «ግባ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው» ስትል ጠራችው።